ያገለገለ የቅንጦት መኪና አዳማ ላይ ስትመርጥ፦ መርሴዲስ፣ ቢኤም፣ ሌክሰስ ወይስ ፕራዶ?

ሰሞኑን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አንድ መርሴዲስ አግኝቻለሁ። ኢ ክላስ፣ የ2010 ሞዴል፣ ሙሉ ኦፕሽን። ዋጋዋ ከአንድ አዲስ ሱዙኪ ብዙም አይርቅም። ልያዛት?» አለኝ። «ማን አየልህ?» አልኩት። «ደላላው ሞተሯ ምንም እንደማትል ቃሉን ሰጥቶኛል» አለ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። እሱም ተቀየመኝ። ስለዚህ ይቅርታ መጠየቂያዬም ትሁን፣ ሌላውም ይጠቀምባት ብዬ ይቺን ጻፍኩ። አንተ እያልኩ ብጽፍም አንቺንም ማለቴ ነው። የመኪና ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ስጠራ ደግሞ እንደ ልማዳችን በፈረንጅ ነው፣ ሌላውን ዘመን በኛ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ዋጋዋ ወረደ፣ ወጪዋስ?

ኢ ክላስ አዲስ ሆና ስትሸጥ የሚገዛት ባለ ሆቴል ወይም ኤምባሲ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ወዳንተ ስትመጣ ዋጋዋ ወርዶ ነው። የሾኳ ዋጋ ግን አልወረደም። የፊት መብራቷ፣ የካምቢዮዋ ኮምፒውተር፣ የፍሬን ዲስኳ፣ ሁሉም ዛሬም የሚሸጡት በባለ ሆቴሉ ዋጋ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪናዋን የሚገዛበትን ብር ይቆጥራል፣ መኪናዋን የሚያኖርበትን ብር አይቆጥርም።

በኛ አገር ደግሞ ነገሩ ትንሽ ጠመም ይላል። ሌላ አገር ያገለገለ የቅንጦት መኪና በጣም ይረክሳል። እኛ ጋ የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጣለ፤ በ2016 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ የቤንዚን መኪና ከፈለግህ አገር ውስጥ ያለውን ነው እየተቀባበልን የምንነዳው። ሦስት አራት እጅ ያለፈ መኪና ብርቅ አይደለም። መለዋወጫ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው። ሁለቱ ሲደመሩ ዋጋው ያልረከሰ፣ ጥገናው የተወደደ መኪና ነው የምታገኘው። ይህን አውቀህ ግባበት።

የእኔ ልክ እንዲህ ነው። ለመኪና ብለህ የያዝከው ብር በሙሉ የመኪና መግዣ አይደለም። የጀርመን መኪና ከሆነ አምስተኛውን ለይተህ አስቀምጥ። የጃፓን ከሆነ አሥረኛው ይበቃል። የመጀመሪያው ዓመት ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ እያለ ይበላዋል። ካልበላው ደስ ይበልህ፣ ትዝናናበታለህ። «ያንን ከለየሁማ የምፈልጋት መኪና አትደርስልኝም» ካልክ፣ መኪናዋ አንድ ደረጃ ካንተ በላይ ናት ማለት ነው። ዝቅ በል።

ነዳጁን በሊትር አስላው። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ብሩን አንተ አባዛው። ከአዳማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ በግምት 200 ኪሎ ሜትር ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ ኢ ክላስ በ100 ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 9 ሊትር ትጠጣለች፣ ደርሶ መልሱ 17 ሊትር ገደማ። ሌክሰስ አርኤክስ 350 ወደ 12 ሊትር፣ ማለትም 24። የቢኤሙ ኤክስ 5 ባለ 3 ሊትር ሞተሩ ወደ 13 ተኩል፣ ማለትም 27። ፕራዶ ባለ 2.7 ከሌክሰሱ ብዙ አይለይም፣ ከባድ ገላ በትንሽ ሞተር ስለሚጎትት እግርህን ካከበድክበት ያልፈዋል። በሳምንት ሁለቴ የምትመላለስ ከሆነ በኢ ክላሷና በኤክስ 5 መካከል ያለው ልዩነት በሳምንት 20 ሊትር ነው። በዓመት ከአንድ ሺህ ሊትር ይበልጣል። ቤንዚን በማይገኝበት ሳምንት ደግሞ ልዩነቱ በብር ሳይሆን በሰልፍ ሰዓት ነው።

ይህ መንገድ ላይ ነው። አዳማ ከተማ ውስጥ፣ ኤሲ ከፍተህ፣ ባጃጅ እየቀደመህ ከፖስታ ቤት ፍራንኮ ስትል ሁሉም ከዚህ በላይ ይጠጣሉ።

መርሴዲስ ኢ ክላስ

ከ2009 እስከ 2016 የተሠራችውን፣ ደብሊው 212 የምትባለዋን ነው የማወራው። ስለ ምቾቷ ብዙ አልልም። አንዴ በፈጣን መንገዱ ከሞጆ እስከ ቱሉ ዲምቱ የነዳት ሰው ለምን እንደሚወዷት ያውቃል። ችግሯ የት እንዳለ ማወቁ ነው የሚጠቅመው።

ኢ 200 ወይም ኢ 250 ቤንዚን ከሆነች ጠላቷ የሞተር ካቴና ነው። ካቴናው ይለጠጣል፣ የካም ጥርሶቹም ይበላሉ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ለሁለት ለሦስት ሴኮንድ ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥ ዓይነት ድምፅ ከሰማህ እሱ ነው። ካቴናው ዘለለ ማለት ቫልቭና ፒስቶን ተገናኙ ማለት ነው። የዚያን ቀን የምታወራው ስለ ጥገና አይደለም፣ ስለ ሌላ ሞተር ነው። ናፍጣዋ፣ ኢ 220 እና ኢ 250 ሲዲአይ፣ ነዳጅ አትወድም፣ ጉልበት አላት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ግን ኢንጀክተሩ አስቸጋሪ ነበር። ካቴናዋ ደግሞ ከኋላ፣ በካምቢዮው በኩል ስለሆነ መቀየሩ ጉልበት ይጠይቃል። ስድስት ሲሊንደሯን ኢ 350 ካገኘህ ሞተሯ ጥሩ ነው፣ ነዳጁን ከቻልክ።

የቀድሞዋ ደብሊው 211 በርካሽ ትገኛለች። ከ2006 አጋማሽ በፊት የተመረተች ከሆነች ግን ተጠንቀቅ። ፍሬኗ በኤሌክትሮኒክስ ፓምፕ ነው የሚሠራው፤ ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ቀይ መብራት ያበራብሃል። ከ2006 አጋማሽ በኋላ ኩባንያው ራሱ ወደ ተራው ፍሬን ተመልሷል። እዚያው ትውልድ ላይ የመጀመሪያዎቹ ኢ 350 ሞተሮች ውስጥ ያለው የማመጣጠኛ ዘንግ ጥርስ ያልቃል። እሱን ለመቀየር ሞተር ይወርዳል። እዚህ ላይ ይበቃል፣ ሐሳቤን የተረዳህ ይመስለኛል።

የአየር ሾክ ካላት ማታ ከቆመችበት ፎቶ አንሳት፣ ጠዋት ሄደህ ከዚያው ቦታ ድጋሚ አንሳት። አንዱ ጎማ ላይ ተቀምጣ ካገኘሃት ዋጋው ላይ እንደገና ተነጋገሩ። ወይም በቃ ሂድ።

ቢኤም ኤክስ 5

እውነቱን ልናገር፣ ከሁሉም የሚያምረኝ እሱ ነው። መሪው ሌላ ነገር ነው። ከ2006 መጨረሻ እስከ 2013 የተሠራውን፣ ኢ 70 የሚባለውን ነው የምታገኘው። ልግዛ ካልክ ቱርቦ የሌለውን ባለ 3 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ፈልግ። ባለ ስምንቱን ቱርቦ፣ 50አይ የሚለውን፣ ከሩቅ ሰላም ብለህ እለፍ። ቱርቦዎቹ የተቀመጡት በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል ነው፤ ሙቀቱ ታፍኖ ይቀራል፤ ጎማና ላስቲክ ይደርቃል፤ ዘይትም ይበላል። እንዲህ ያለ ሞተር በአዳማ ሙቀት አስበው እስቲ።

ባለ 3 ሊትሩም ቢሆን የውሃ ፓምፑ የኤሌክትሪክ ነው። ሲበላሽ አያስጠነቅቅህም፣ ሙቀት ሲነሳ ነው የምታውቀው። ዘይት ከላይኛው ክዳንና ከፊልትሮው ቤት ጓርኒሲዮን ይወጣል። ባለ አራት ጎማ ማስተላለፊያው ላይ ያለች ትንሽ ሞተር ውስጥ የፕላስቲክ ጥርስ አለች፣ ታልቃለች። የሳንሩፉ የውሃ መውረጃ ቱቦ በአቧራ ሲደፈን ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባና ምንጣፉ ሥር ያለውን ኤሌክትሮኒክስ ያርሳል። አዳማ አቧራና ንፋስ ነው፣ ያ ሁሉ የንፋስ ማመንጫ እዚያ ያለ ምክንያት አልቆመም። ስለዚህ ምንጣፉን ገልጠህ ዳብስ፣ አሽትት።

ባትሪ ስትቀይርለት እንኳ ለኮምፒውተሩ ማሳወቅ አለብህ። ባትሪ ሻጩ ገጥሞልህ ይሄዳል፣ መኪናው ግን አሮጌው ባትሪ ያለ መስሎት ይሞላዋል። ጎማውም ሲቀደድ አየር ሳይኖረው የሚሄድ፣ ጎኑ ደረቅ የሆነ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጎሚስታው አይቶት ፊቱን ካጨማደደ ምክንያቱ ያ ነው።

ኤክስ 5 የሚገባው ለማን ነው? አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ እዚያ በትክክለኛው ማሽን የሚሠራለት የጀርመን መኪና መካኒክ ያለው፣ ሁለተኛ መኪናም ያለው ሰው። ሁለተኛ መኪና ያልኩት ለቀልድ አይደለም። እቃ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆሙ የተለመደ ነው።

ሌክሰስ አርኤክስ 350

የኔ ድምፅ የሚሄደው እዚህ ነው። ቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ላስረዳ።

ሌክሰስ ከውጭ ሌክሰስ ነው፣ ከውስጥ ቶዮታ ነው። ባለ 3.5 ሊትር ቪ 6 ሞተሩ በሃይላንደርም በካምሪም ላይ ያለው ነው። ስለዚህ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄደህ ስሙን ስትጠራ ሰው ግራ አይጋባም። በካቴና ነው የሚሄደው፣ ካቴናውም ዘይት በጊዜው ከተቀየረለት ብዙ አያስቸግርም። ቱርቦ የለም። የአዳማ መካኒክ ቶዮታ እየፈታ ነው ያደገው፣ ይህን መኪና ሲከፍት የሚያውቀውን ነገር ነው የሚያየው። ወንበሩ ቆዳ፣ ድምፁ ዝምታ፣ እናትህን አስቀምጠህ ሶደሬ ስትሄድ «ይሄስ አልጋ ነው» ትልሃለች።

እንከን የለውም እንዳትለኝ። ከ2010 በፊት ባሉት ሞተሮች ላይ አንድ የዘይት ቱቦ መሃሉ ጎማ ነበር። ሲፈነዳ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈስና ሞተሩ ይደርቃል። ኩባንያው በኋላ ሙሉ ብረት በሆነ ቱቦ ቀይሮታል። መካኒክህን «ብረቱ ነው ጎማው?» በለው። ጎማው ከሆነ ገዝተህ በዚያው ሳምንት ቀይረው። የውሃ ፓምፑም ያንጠባጥባል፣ ደረቅ ሮዝ ምልክት ፈልግ። የኋላ ሦስቱን ካንዴላ ለመቀየር ከላይ ብዙ ነገር ስለሚፈታ ብዙ ሰው የፊት ሦስቱን ብቻ ቀይሮ «ተቀይሯል» ይላል። መጥፎ መንገድ ደግሞ አይወድም፣ ቁመቱ አያታልልህ። ገጠር ለገጠር የምትሄድ ከሆነ ይህ ያንተ አይደለም።

ብዙዎቹ የመጡት ከአሜሪካ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ማይል መሆኑን ልብ በል። 120,000 ካየህ 193,000 ኪሎ ሜትር ነው። «ገና 120 ሺህ ናት» ብሎ የሚሸጥልህ ደላላ አይጠፋም፣ እኔም ገጥሞኛል፣ ሰውዬው ምናልባት ራሱም አላወቀም ይሆናል። ምናልባት።

ፕራዶ

ፕራዶ ቅንጦት ነው? በኛ አገር አዎ። ሰው በር ላይ ሲቆምልህ የሚያየው ወንበሩን አይደለም። አጭር አድርጌ ልናገር፣ ፕራዶን ሁሉም ያውቀዋል። ባለ 2.7 ቤንዚኑ ቀርፋፋ ነው፣ አይሞትም። ባለ 4 ሊትር ቪ 6ቱ ይሄዳል፣ ይጠጣል። ባለ 3 ሊትር ናፍጣው ኢንጀክተሩን ጠብቅ፤ ኢንጀክተር ሲያፈስ ፒስቶን ያቃጥላል፤ ቺንጊያውም በየ150,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል። ሲነሳ የሚያንኳኳ፣ ነጭ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ተወው።

ትልቁ ጥቅሙ መልሰህ ስትሸጠው ነው። ከኤክስ 5 ለመገላገል ስድስት ወር ስትለፋ ፕራዶ በሳምንቱ ይሄዳል። ትልቁ ጉዳቱ ደግሞ ያው ነው፣ ስትገዛው ማንም አይቀንስልህም። የድርጅትና የፕሮጀክት ሥራ የሠራ ብዙ አለ። ሥር ግባና ሻንሲውን እይ። የተበየደ፣ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሻንሲ ታሪክ አለው።

ሬንጅ ሮቨርስ? አይሆንም። የአየር ሾኩ፣ ኤሌክትሪኩ፣ የባለ 5 ሊትሩ ካቴና መወጠሪያ፣ የናፍጣው ክራንክ። ብር ከተረፈህ ሚስትህን ጠይቃት፣ የተሻለ ሐሳብ አታጣም።

የኤሌክትሪኩ ጥያቄ

«ለምን የቮልስዋገኑን ኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ 4ን፣ አልገዛም?» የሚል አይጠፋም። ልክ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ሳትሞላ ይመልስሃል፣ ዘይትና ካንዴላ የሚባል ነገር የለም፣ ኤሌክትሪኩም ከቤንዚን በጣም ይረክሳል። ያገለገለ ስትገዛ ግን ሦስት ነገር ጠይቅ። የባትሪው ጤና በመቶኛ ስንት ነው? በማሽን ይታያል፣ በአፍ አይታመንም። የመሙያ ሶኬቱ የቻይና ነው የአውሮፓ? ቻይና የተሠራው ከአውሮፓው ጋር አይገጥምም፣ ገበታውም በቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ቤትህ ነው። 77 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በተራ ግድግዳ ሶኬት ከባዶ ለመሙላት ከ30 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ባለ 7 ኪሎዋት መሙያ ከተገጠመልህ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ኪራይ ቤት ከሆንክ አከራይህን ቀድመህ አነጋግር። ግቢ ያለውና ረጅም ጉዞ የማያበዛ ሰው ከላይ የዘረዘርኳቸውን በሙሉ ትቶ ይህን ቢገዛ አልቃወመውም።

ስታይ እንዴት ታያለህ

ከዓመታት በፊት አንድ የአውሮፓ መኪና ገዝቻለሁ። ሻጩ «ቀትር ላይ ና» አለኝ፣ ሄድኩ። ላቫጆ ወጥታ ነበር የጠበቀችኝ። ሞተሯ ታጥቦ እንደ ጥርስ ያበራል። ሞቃለች። እኔ ግን «ሰውዬው እንዴት ንጹሕ ነው» ብዬ ተደነቅኩ። በማግስቱ ጠዋት ቤቴ ስትነሳ የሰማሁትን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም። የታጠበው ዘይት ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ።

ስለዚህ አንደኛ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሂድ፣ ሳትጠራ ብትደርስ ይመረጣል። ኮፈኑን በእጅህ ዳብስ። ከሞቀ «ትቀዝቅዝ፣ ቡና እንጠጣ» በል። ሲነሳ ከሞተሩ አጠገብ አንተ ቁም፣ ቁልፉን ሌላ ሰው ያዙር። የውሃውን ክዳን ሞተሩ ሳይሞቅ ክፈት፣ ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ቴስታታው ጋ ጉዳይ አለ።

ዳያግኖስ ሳታስደርግ አንድ ብር እንዳትሰጥ። ግን ማሽኑ «ችግር የለም» ስላለ ብቻ አትርካ። ሻጩ ትናንት ማታ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ኮዱ በቅርብ ከጠፋ የመኪናው ራስ መፈተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ብለው ይታያሉ፣ ባለሙያው ይህን እንዲያሳይህ ጠይቀው። ይቺን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ ደላላውም የሚተማመንባት በሷ ነው። ኪሎ ሜትሩም የሚቀመጠው ዳሽቦርዱ ላይ ብቻ አይደለም። የጀርመን መኪኖች ሌሎች ኮምፒውተሮቻቸው ውስጥም ይመዘግባሉ፣ ዳሽቦርዱ 90 ሺህ ሲል ካምቢዮው 240 ሺህ ሊል ይችላል። ማሽን ከሌለህ የፍሬን ፔዳሉን ጎማና የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እይ። 90 ሺህ የሄደ መኪና ፔዳሉ አይላጥም።

ቀለሙን በተመለከተ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ። ባቲላሜራው ስቱኮ የሞላበት ቦታ ላይ አይያዝም። የኢ ክላስ ኮፈን ላይ ባይያዝ ግን አትደንግጥ፣ አሉሚኒየም ነው። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ ታች ጎትተህ መለያዋን አንብብ፣ የተመረተበት ጊዜ አለባት። አንዱ ቀበቶ ከሌሎቹ በዓመታት ከተለየ ኤርባጉ ፈንድቶ ያውቃል ብለህ ጠርጥር። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 የሚል ከሆነ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ክሩ ቢያምርም ያረጀ ጎማ ያረጀ ነው፣ አራቱንም ከዋጋው ላይ ቀንስ።

ለሙከራ ከተማ ውስጥ መዞር ምንም አይነግርህም። ወደ አሰላ መንገድ ያዘው። ደራን አልፈህ ወደ ኢተያ ስትወጣ ዳገቱ አይለቅህም። ኤሲውን ክፈት፣ የሙቀት መለኪያውን እያየህ ውጣ። ሙቀት የሚያነሳ ከሆነ እዚያ ያነሳል፣ ካምቢዮው የሚረግጥ ከሆነ እዚያ ይረግጣል። ሻጩ «ነዳጅ የለውም» ካለህ ነዳጁን አንተ ሙላ። ከሁሉም ርካሹ ወጪህ እሱ ነው።

ወረቀቱ

መኪናው ጥሩ ሆኖ ወረቀቱ ከታመመ አትግዛ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ራስህ አስተያይ። ሞተር የተቀየረባቸው አሉ። የባንክ እዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት ትራንስፖርት ቢሮ ይጣራ፤ ቦሎው ይታደስ፤ የትራፊክ ቅጣት ካለ ሻጩ ይክፈል። ባለትዳር ከሆነ የባለቤቱ ፊርማም ያስፈልጋል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ወዳንተ ስም አይዞርም። ዋጋው ከገበያው በጣም የወረደ የቅንጦት መኪና ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ነው።

«በውክልና ያዘው፣ ስም ማዛወሩን ቀስ ብለህ ታደርሳለህ» ይሉሃል። እንዳትሰማ። ወካዩ ቢሽረው ወይም ቢሞት ውክልናው አበቃ። አንተም መኪናውን ከወራሾቹ ጋር ትከራከርበታለህ። መኪናው አዲስ አበባ የተመዘገበ ከሆነና ወደ ኦሮሚያ ልታዞረው ካሰብክ ፋይል የማዛወሩን ጊዜና ወጪም ከዋጋው ድርድር ውስጥ አስገባው።

ኢንሹራንስ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሙሉ ሽፋን ስትገባ ግን አረቦን ለመቀነስ ብለህ የመኪናውን ዋጋ በግማሽ አታስመዝግብ። በግማሽ ዋጋ ካስመዘገብክ ሲጋጭም የጥገናውን ግማሽ ነው የምታገኘው። የአንድ ኤክስ 5 የፊት መብራት ዋጋ ጠይቀህ ከዚያ ወስን።

አዳማ ልግዛ አዲስ አበባ?

አዲስ አበባ ምርጫ አለ፣ ማሽን ያለው ጋራዥም አለ። አዳማ ደግሞ የመኪናውን ታሪክ ታውቃለህ። ከተማው ትንሽ ነው፣ ማን እንደነዳው፣ የት እንደተጋጨ፣ የትኛው ጋራዥ ስንት ወር እንደቆመ ሁለት ሰው ብትጠይቅ ይነግርሃል። እኔ ብሆን መርሴዲስና ቢኤም ከአዲስ አበባ፣ አስመርምሬ። ሌክሰስና ፕራዶ ከዚሁ፣ ከማውቀው ሰው እጅ።

ወደ ባለቤቴ ወንድም ልመለስ። በማግስቱ ታርቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አብረን ሄድን። ሻጩ በፒጃማ ነው የወጣው። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥሩ። ልጁ ቁልፉን አዞረ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ዝም። ዞር ብዬ ሻጩን አየሁት። «እሱ የቅዝቃዜ ነው፣ ሲሞቅ ይተዋል» አለ። አዳማ ላይ፣ በግንቦት።

የፊታችን ቅዳሜ አንድ አርኤክስ ልናይ ነው። ባለቤቱን የዘይት ቱቦው ብረት ነው ወይ ብዬ በስልክ ጠይቄዋለሁ፣ «ቆይ መካኒኬን ልጠይቅ» አለኝ።